ወሊሶ ድረስ፣ ጥላሁንን ፍለጋ

ታላቅ ወንድሜ ዕድሜውን የጨረሰው የጭነት መኪና ላይ ነው። ከጅማ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጨውና ቆርቆሮ ጭኖ ወደ ጅማ፤ 27 ዓመት በዚያው መንገድ ተመላልሷል። ወሊሶን ስንት ጊዜ እንዳለፋት ቢጠይቁት ቁጥሩን አያውቀውም። ባለፈው መስከረም መጨረሻ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤት ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ በሬዲዮ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን መጣ። ወንድም ጋሼ ስኒውን አስቀመጠና፣ "ይገርምሻል፣ ያንን ልጅ ያሳደገውን ከተማ ሁልጊዜ ሳልቆም ነው ያለፍኩት" አለኝ።

"እንሂዳ!" አልኩት። ወሊሶ 114 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠዋት ሄደው ማታ የሚመለሱበት አገር ነው። ልጄም መኪና አለው። ወንድም ጋሼ ግን ወዲያው አልመለሰልኝም። በሱሪው ላይ ሰው ሠራሽ እግሩን ዳበስ ዳበስ አደረገ። "በዚያ መንገድ ተሳፋሪ ሆኜ ሄጄ አላውቅም" አለ።

ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ከተቆረጠ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ቀኝ እግር ማለት ለሾፌር ነዳጅ የሚሰጥበትም ፍሬን የሚይዝበትም ነው። የቆረጠው ስኳር ነው። ጥላሁንንም በመጨረሻዎቹ ዓመታት እግሩን ያሳጣው ይኸው ስኳር ነበር። እኔ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል በስኳር ሕሙማን ክትትል ክፍል የሰው እግር ሳገላብጥና ቁስል ሳጥብ የኖርኩ ነርስ ነኝ። እንግዲህ ስለ ዘፋኝ አወራለሁ ብዬ ጀምሬ መሀል ላይ ስለ እግር ብቀባጥር አንባቢ ይታገሠኝ፤ የሙያ ነገር አይለቅም።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በአየር ጤና በኩል ወጣን። ዓለም ገናንና ሰበታን እስክናልፍ በከባድ መኪና ጀርባ እየተጎተትን ነበር። ወንድም ጋሼ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ልጄ ሊቀድም ሲል ወይም መታጠፊያ ሲመጣ ያቺ ሰው ሠራሽ እግር ወለሉን ትረግጣለች። ፍሬን መያዙ ነው። ልጄ አይቶ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። እኔ ከኋላ ሆኜ አልሳቅኩም።

ተፍኪን ሲያልፉ ሜዳው ይከፈታል። የበቾ ሜዳ ነው። ክረምት ላይ አዋሽ ሞልቶ ይተኛበታል፤ በጥቅምት ግን ውሃው ሸሽቶ መረሬው አፈር ጤፉን ይዞ ይታያል፤ ከፊሉ አረንጓዴ፣ ከፊሉ ወደ ብጫ ያደላ። ጤፍ ያልተዘራበት ላይ ደግሞ ሽምብራና ጓያ በቀረችው እርጥበት ብቅ ብለዋል። ወንድም ጋሼ መስኮቱን አወረደና፣ "ሌሊት እዚህ ጋ ስንደርስ ነው ረዳቴን 'ቴፑን ክፈት' የምለው። ሜዳው እንቅልፍ ያመጣል፤ ጥላሁን ደግሞ አያስተኛም" አለ። በአንድ ካሴት ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ ክሩ ሲበጠስ በጥፍር ቀለም እያጣበቀ። የጥፍር ቀለሙ የማን እንደነበረ አሁንም አልነገረኝም።

ቱሉ ቦሎ ቁርስ ላይ ቆምን። አስተናጋጇ ሦስት ሻይ ስታመጣ ሦስቱም ከሥራቸው ስኳሩ እንደ አሸዋ ተኝቶ ነበር። መለስኳቸው። ወንድም ጋሼ "ሲስተር ጡረታ ወጣች ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር" ብሎ ልጅቷን አሳቃት።

ቱሉ ቦሎ በጥላሁን ታሪክ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። ጥላሁን የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933 አዲስ አበባ ነው፤ ወደ ወሊሶ የሄደው አያቱ ወስደውት ነው። እዚያም ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ገባ። ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ሸዳድ የሚባሉ ሱዳናዊ ነበሩ፤ ልጁ ሲያንጎራጉር ከመቆጣት ይልቅ አበረታቱት፣ አዲስ አበባ ሂድም አሉት። በኋላ የሀገር ፍቅር ከያንያን ለትርኢት ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ፤ ንጋቷ ከልካይና ኢዮኤል ዮሐንስ አብረው ነበሩ። ልጁ ኢዮኤልን ጠጋ ብሎ መዝፈን እንደሚፈልግ ነገራቸው፤ እሳቸውም አዲስ አበባ ና አሉት። አያቱ ግን ልጃቸው አዝማሪ እንዲሆን አልፈለጉም፤ ትምህርቱን እንዲማር ነበር ሐሳባቸው። ስለዚህ ጠፋ። በእግሩ ተጉዞ ቱሉ ቦሎ ዘመድ ቤት አደረ። መጥፋቱ ሲታወቅ ግን ወደ አያቱ ተመለሰ።

በአንዳንድ ጽሑፍ ከወሊሶ ቱሉ ቦሎ 15 ኪሎ ሜትር ነው ተብሎ አንብቤያለሁ። የልጄ መኪና ከ30 በላይ ቆጠረች። ወንድም ጋሼ ገና መንገድ ሳንጀምር ነግሮኝ ነበር፤ የጻፈው ሰው በእግሩ አልሄደበትም ማለት ነው። 30 ኪሎ ሜትር ለአንድ ልጅ እግር ስንት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። በ1977 ወሎ ውስጥ በአንድ የረሃብ መጠለያ በሠራሁ ጊዜ እንዲህ ያለውን መንገድ የተጓዘ የልጅ እግር አጥቤያለሁ። ያኔ እኛ ነርሶቹ ማታ ማታ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ አንዲት ሬዲዮ ከበን እንቀመጥ ነበር፤ ጥላሁን ሲመጣ የሚናገር ሰው አይኖርም። ለወገን ዕርዳታ በሚዘጋጁ መድረኮች ላይ ሲዘፍን የኖረ ሰው ነው፤ ስለ ወሎ ረሃብ ሲወራ "ዋይ ዋይ ሲሉ" የሚለው ዘፈኑ ሳይነሣ አይቀርም። ያንን ዘፈን እዚያ ሆኖ መስማት ግን ይከብዳል። አንዷ ጓደኛችን ሬዲዮኑን ዘግታ ትወጣ ነበር።

ጥላሁን በሁለተኛው ሲጠፋ በእግሩ አልሞከረውም። ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ገባ። ወንድም ጋሼ የሚወዳት ይህችን ነው። ከቱሉ ቦሎ እስከ ወሊሶ ስለዚያ ስሙን ስለማናውቀው ሾፌር ሲያወራ ደረስን። ጭነቱ ምን ይሆን? ልጁ ጋቢና ገብቶ ነበር ወይስ ከላይ ሸራው ላይ? "እኔም ብዙ ልጅ አሳፍሬያለሁ፤ አንዳንዱ ከቤቱ የጠፋ ነው፣ ፊቱ ላይ ይታወቃል" አለ። ምን ታደርጋቸው ነበር አልኩት። "ዳቦ እሰጣቸውና አውቶቡስ ተራ አወርዳቸዋለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?" አለና ትንሽ ዝም ብሎ፣ "ከነሱ ውስጥ ማን ምን እንደሆነ አላውቅም" አለ።

ወሊሶ በጃንሆይ ዘመን ጊዮን ትባል ነበር፤ ዛሬም ትልልቆቹ ሰዎች ያንን ስም ያስታውሱታል። ከተማዋ ደጋም ቆላም አይደለችም፤ እንሰቱ ከየጓሮው ይታያል፣ ገበያው ላይ ኦሮምኛው፣ ጉራግኛውና አማርኛው በአንድ ዋጋ ይከራከራሉ። ጥላሁን በአማርኛም በኦሮምኛም ሲዘፍን ሁለቱም የአፉ ቋንቋ የሚመስለው ለምን እንደሆነ እዚያ ገበያ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ይገባዋል።

ራስ ጎበና የት ነው ብለን ወጣቶችን ስንጠይቅ እርስ በርስ ተያዩ። ጥላሁን የተማረበት ስንል ግን አንዱ አዛውንት ከሱቃቸው ደጃፍ ላይ ተነሥተው ከዘራቸውን እየጠቆሙ አመላከቱን። ቅዳሜ ስለሆነ ተዘግቷል። ወንድም ጋሼ ከመኪናው ወርዶ ክራንቹን ይዞ በጠጠሩ መንገድ ላይ እስከ በሩ ድረስ ሄደ። ልደግፍህ ብለው እንቢ አለ። በሩን ይዞ በክፍተቱ ወደ ውስጥ ሲያይ ቆየ። እኔ ምን እንደሚያይ ለማየት ብጠጋ ሣርና የባንዲራ መስቀያ ብቻ ነው። "ትንሽ ነው" አለኝ። ቅር ብሎት ይሁን ደስ ብሎት አልለየሁም።

እዚያው በር ላይ ቆመን ነው የቀረውን ያወራነው። እኔ የማውቀው ከንባብ ነው፤ እሱ የሚያውቀው ከመስማት። ሀገር ፍቅር ያን ጊዜ ለአንድ የገጠር ተማሪ ምን ያህል ሩቅ እንደነበረ ዛሬ መገመት ይቸግራል። ማኅበሩ በ1927 ጣልያን ከመግባቱ በፊት ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተቋቋመ ነው፤ ፒያሳ ያለው መድረኩ በኋላ የዘፋኙም የተዋናዩም ትምህርት ቤት ሆነ። ጥላሁን እዚያ ተቀጠረ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሄደ፤ በመለከትና በሳክስፎን የተሞላ፣ ዩኒፎርም የለበሰ፣ ወታደራዊ ሥርዓት ያለው ቡድን ነው። ብዙነሽ በቀለም ማሕሙድ አሕመድም የወጡት ከዚያው ቤት ነው። የጥላሁን ስም በመላው አገር የገነነው በዚያ ኦርኬስትራ ነው።

በታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከግርማሜ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ከሸፈ። ክብር ዘበኛ የነበረ ሁሉ ተጠረጠረ፤ ዘፋኙም ታሰረ። እኔ ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ ከጥይት ድምፅና ከአልጋ ሥር በስተቀር የማስታውሰው የለም። ወንድም ጋሼ ግን 14 ዓመቱ ነው። "አባባን 'ዘፋኝ ምን አድርጎ ይታሰራል?' ብዬ ጠየቅኳቸው፤ በጥፊ አሉኝ። ፈርተው ነበር" አለኝ። ጥላሁን ተፈትቶ እንደገና መድረክ ላይ ቆመ። በብሔራዊ ቴአትርም ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ዘፈነ። ከዚያ በኋላ ሦስት መንግሥት አልፎበታል። አንገቱ ላይ በስለት ከባድ ጉዳት ደርሶበትም ከሞት ተርፏል። ሸክላው ካሴት ሆነ፣ ካሴቱ ሲዲ ሆነ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጠው።

ስኳሩ ግን እግሩን አሳጣው፤ እኔም ጥላሁንን ለሥራዬ መጠቀም የጀመርኩት ያኔ ነው። እግሩ መቆረጡ ሲሰማ አገር አዘነ። እኔ ደግሞ ማዘኔ እንዳለ ሆኖ አንድ መከራከሪያ አገኘሁ። እኛ ክፍል ትልቁ ፈተና ቁስሉ አይደለም፤ "ይቆረጥ" ሲባል እንቢ የሚለው ሕመምተኛ ነው። እግሩ ጠቁሮ፣ ሽታው ክፍሉን ሞልቶ፣ መርዙ ወደ ደም ሊገባ ቀናት ሲቀሩት "ከነእግሬ ልሙት" ይላል። ያኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ "ጥላሁንም እኮ ተቆርጦለታል፤ ድምፁ ግን አልተቆረጠም" እላለሁ። ብዙዎቹ ዝም ብለው ያስባሉ። አንዳንዶቹ ፈርመዋል።

አንድ መርካቶ በተሸካሚነት የሚሠራ፣ 50 ዓመት የማይሞላው ሰው ግን ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ "ሲስተር፣ ጥላሁን የሚበላው በጉሮሮው ነው። እኔ የምበላው በእግሬ ነው" አለኝ። መልስ አላገኘሁም። በማግስቱ ፈርሞ ወጣ፤ ካርዱ ላይ "በራሱ ፈቃድ" ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተመልሶ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ወራት የጥላሁንን ስም አላነሣሁም። ኋላ ግን መልሼ አነሣሁት፤ ለሰው የምሰጠው ሌላ ምን ነበረኝና?

ጥላሁን ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ነው፤ የፋሲካ ዕለት። ፋሲካ ለእኛ ክፍል የሥራ ሰሞን ነው፤ 55 ቀን የጾመ ሰው በአንድ ቀን ዶሮውንም ጠላውንም ሲያገኝ ስኳሩ ሰማይ ይነካል። ያን ሰሞን ተረኛ ነበርኩ። ወሬው ከአልጋ አልጋ ሲተላለፍ፣ አንዲት እናት የተቆረጠ እግራቸውን በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ "እኛ ቀረንና እሱ ሄደ?" ሲሉ ሰማኋቸው። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበር አዲስ አበባ ወጥታ ሸኘችው። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. 10 ዓመት ሞላው።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። በ2008 ጥር ወንድም ጋሼ ብቻውን ይኖር ነበር፤ ባለቤቱ ካረፈች ቆይታለች። ስኳሩ ከተገኘበት 14 ዓመት ሆኖታል። አንድ ማታ እግሩን በረደው፤ በሳፋ ፍል ውሃ አደረገ፣ ጨው ጨመረበት፣ ሁለቱንም እግሩን ከተተ። ስኳር ነርቭን ያደነዝዛል፤ እግር ሙቀቱንም ሕመሙንም ለባለቤቱ መናገር ያቆማል። ግራ እግሩን ቶሎ አወጣው፣ ቀኙን ሬዲዮ እየሰማ ረሳው። ጠዋት ውሃ ቋጥሮ አገኘው። ለኔ ግን አልነገረኝም፤ ትቆጣኛለች ብሎ። 11 ቀን ሰው የሰጠውን ዱቄት መድኃኒት እየነሰነሰበት ደበቀኝ። በነዚያ ቀናት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄጄ ምሳ በልቻለሁ። ካልሲ አድርጎ ነበር። በቀን 40 ሰው ካልሲ የማስወልቅ ሴት የወንድሜን ካልሲ አላስወለቅኩም።

ሐኪሞቹ ይቆረጥ ሲሉ እሱም እንደ ሌሎቹ እንቢ አለ። አራት ቀን። በሦስተኛው ቀን ያንን የለመድኩትን ነገር ጀመርኩ፤ "ጥላሁን…" ስል ገና "እሱን እንዳትጠሪብኝ!" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። 27 ዓመት አብሮት በሌሊት የነዳውን ሰው ማባበያ ማድረጌ አስቆጥቶታል። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ፈርሞ ጠበቀኝ። ለምን እንደፈረመ እስካሁን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

እዚያ የትምህርት ቤት በር ላይ ጠየቅኩት። በሩን እንደያዘ፣ "ማታ ኮሪደሩ ላይ ስታለቅሺ ሰማሁሽ። አንቺ ስታለቅሺ ሰምቼ አላውቅም፤ እማማ ሲሞቱ እንኳ። እንግዲህ እውነት ልሞት ነው ብዬ ፈራሁ" አለኝ። ጥላሁንም ማሳመኛዬም የሉበትም። ክራንቹን አስተካክሎ "ራበኝ" አለ።

ምሳ ቆጮና ጎመን በላን፤ ክትፎውን ልጄ ብቻውን ጨረሰው። ከዚያ ወሊሶ የታወቀችበትን ፍል ውሃ ለማየት ሄድን። ትልልቅ ዛፎች ያሉበት፣ ጦጣ የሚዘልበት ደስ የሚል ቦታ ነው፤ ልጆች ይዋኛሉ። ከውሃው ዳር አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ ጫማቸውን እያወለቁ ነበር። አካሄዳቸውን አይቼ ስለነበር ሄጄ ሰላምታ ሰጠሁና "አባባ፣ ስኳር አለብዎት?" አልኳቸው። ደንግጠው "ማን ነገረሽ?" አሉ። ክርኔን ውሃው ውስጥ ከትቼ አሳየኋቸው፤ በእጅዎ ወይም በእግርዎ አይለኩ፣ ክርን አይዋሽም፣ ካቃጠለ ይተዉት አልኳቸው። አመሰገኑኝ፤ እግራቸውን ሲከቱ ግን ለካኝ ይሁን ለልማድ ይሁን ክርናቸውን አላየሁትም። ወንድም ጋሼ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ወደ ውሃው አልተጠጋም።

ስንመለስ ቱሉ ቦሎን ስናልፍ መሽቶ ነበር። ልጄ ስልኩን ከመኪናው ጋር አገናኝቶ ጥላሁንን ከፈተ። ወንድም ጋሼ ድምፁን ራሱ ቀነሰው፤ "ሌሊት ከፍ አድርጎ አይደለም የሚሰማው" አለ። በበቾ ሜዳ ላይ ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ይሄድ ነበር፤ ልጄ ሊቀድመው ሲል "ተወው፣ ከኋላው ሂድ" አለው። እስከ ሰበታ ከኋላው ሄድን።

እቤት እንደገባን እንደ ሁልጊዜው ከመተኛቱ በፊት በቀረው እግሩ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ጫማውን ሳወልቅ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ጠጠር ወለሉ ላይ ወደቀች። ካልሲውን አውልቄ በባትሪ አየሁ፤ አውራ ጣቱ ሥር ቀይ ምልክት አለ፣ አልቆሰለም። ከትምህርት ቤቱ በር ጀምሮ ረግጧት ውሏል ማለት ነው።

"አልተሰማህም?" አልኩት።

"አልተሰማኝም" አለ። ቀና ብዬ ልቆጣ ስል ጠጠሯን ከወለሉ ላይ እንዳነሣለት እጁን ዘረጋልኝ። ሰጠሁት። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታት፤ እኔም ጨርቁን በለብታ ውሃ ነክሬ በጣቶቹ መሀል መጥረግ ጀመርኩ።